ከኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ማክሮ ኢኮኖሚክስን እንዴት እናስተምር?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መፈቀዱን ሲያስታውቅ፣ አንድ ዶላር በባንኮች የሚመነዘረው ከ58 ብር ባነሰ ዋጋ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ዋጋው ከ100 ብር አልፎ ወደ 120 ተጠጋ። በቀጣዩ ሴሚስተር ማክሮ ኢኮኖሚክስ ሳስተምር አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ይህ ነገር እኛ በተማርነው አይ ኤስ-ኤል ኤም ላይ የቱ ጋ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሰሌዳው ላይ የነበረው አይ ኤስ-ኤል ኤም፣ ማለትም የአንድ አገር ምርትና የወለድ ተመን አብረው እንዴት እንደሚወሰኑ የሚያሳየው ግራፍ፣ ዝግ ኢኮኖሚን የሚያሳይ፣ የዋጋ ደረጃው የማይነቃነቅ፣ የውጭ ምንዛሪ የሚባል ነገር የሌለበት ነበር። መልስ ሰጠሁት፤ ነገር ግን መልሱ እሱንም እኔንም አላረካም። ከዚያ ቀን ወዲህ የኮርሱን አካሄድ ከሥር ጀምሮ ቀይሬዋለሁ፤ ይህ ጽሑፍም ተመሳሳይ ኮርስ ለሚያስተምሩ ባልደረቦቼ የተሞከረውንና የሠራውን ለማካፈል የተዘጋጀ ነው።

ጥያቄው የዚያ ተማሪ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008፣ የአሜሪካው ባንክ ሌማን ብራዘርስ በከሰረ በሁለት ወር ገደማ፣ የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስን ሲጎበኙ ይህን የሚያህል ነገር ሲመጣ እንዴት ማንም ሳያየው ቀረ ብለው ምሁራኑን ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የሃርቫርድ ተማሪዎች የመግቢያ ኢኮኖሚክስ ክፍላቸውን ረግጠው ወጡ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኢኮኖሚክስ ትምህርት ከቀውሱ በኋላ እንዲለወጥ የሚጠይቅ ማኅበር አቋቋሙ። በእኛ አገር ጥያቄው የበለጠ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ተማሪው ቀውሱን በጋዜጣ ሳይሆን ከቤት በሚላክለት ገንዘብና በካፌ ምሳው ዋጋ ነው የሚያውቀው።

ችግሩ ሞዴሎቹ ሐሰት መሆናቸው አይመስለኝም። ብዙዎቹ የኮርስ አውትላይኖቻችን ከብሔራዊ ገቢ አለካክ ተነሥተው በኬንስ መስቀል (ጠቅላላ ወጪ ምርትን እንዴት እንደሚወስን በሚያሳየው ግራፍ)፣ በአይ ኤስ-ኤል ኤም፣ በጠቅላላ ፍላጎትና አቅርቦት በኩል አልፈው የክፍት ኢኮኖሚን ምዕራፍ ወደ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ይገፉታል፤ ሴሚስተሩ ባጠረ ቁጥርም መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። የመንግሥት ዕዳ፣ የባንኮች አሠራርና የውጭ ምንዛሪ ክምችት፣ ማለትም ቀውስ የሚነሣባቸው ሦስቱ ስፍራዎች፣ ተማሪው ሳያያቸው ይመረቃል። ስለዚህ የምመክረው ሁለት ነገር ነው፦ ኮርሱን ከግራፍ ሳይሆን ከሀብትና ዕዳ መዝገብ መጀመር፤ እያንዳንዱንም ሞዴል ከሚሠራበት ሁኔታና መሥራት ካቆመበት አጋጣሚ ጋር አጣምሮ ማስተማር።

መዝገቡን አስቀድሙ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድም ኩርባ ሰሌዳ ላይ አትሳሉ። በምትኩ ክፍሉን በአራት ቡድን ክፈሉና ለእያንዳንዱ አንድ ትልቅ ወረቀት ስጡ፤ አንደኛው ቡድን ብሔራዊ ባንክ፣ ሁለተኛው የንግድ ባንኮች፣ ሦስተኛው መንግሥት፣ አራተኛው ቤተሰብና ነጋዴ ይሁን። እያንዳንዱ ቡድን ወረቀቱን በቲ ቅርጽ ከፍሎ በግራ ያለውን ሀብት፣ በቀኝ ያለበትን ዕዳ ይጻፍ። ሰማንያ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ቡድኖቹን በመቀመጫ ረድፍ መመደብ ይቻላል፤ ፕሮጀክተርም መብራትም አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው መልመጃ ቀላል ይሁን። አንድ ባንክ ለአንድ ነጋዴ 1 ሚሊዮን ብር ያበድራል። ባንኩ በሀብት በኩል 1 ሚሊዮን ብር ብድር፣ በዕዳ በኩል በነጋዴው ሒሳብ 1 ሚሊዮን ብር ተቀማጭ ይመዘግባል። አሁን «ለዚህ ብድር ሲባል የማን ተቀማጭ ቀነሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛው ተማሪ የሌላ ቆጣቢ ገንዘብ እንደተነካ እርግጠኛ ሆኖ ይጀምርና ወረቀቱን ፈትሾ የማንም እንዳልቀነሰ ያገኛል። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ማብራሪያ ባንኮች ሲያበድሩ አዲስ ተቀማጭ እንደሚፈጥሩ፣ ቀድሞ የተቀመጠን ገንዘብ እያነሡ እንደማያከፋፍሉ በግልጽ አስፍሯል። ከዚያ ተከትሎ የሚመጣው «እንግዲያው ባንኩን ማን ያግደዋል?» የሚለው ጥያቄ ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ትምህርት ይከፍታል፦ ካፒታል፣ ጥሬ ገንዘብ፣ መጠባበቂያ፣ የተበዳሪው አቅም፣ የማዕከላዊ ባንኩ የወለድ ተመን፣ በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በብድር ዕድገት ላይ የተጣለው የ14 በመቶ ጣሪያ።

ሁለተኛው መልመጃ የበጀት ጉድለት ነው። ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት 10 ቢሊዮን ብር ቀጥታ ብድር ይሰጣል። በብሔራዊ ባንክ ወረቀት ላይ በግራ ከመንግሥት የሚፈለግ 10 ቢሊዮን፣ በቀኝ የመንግሥት ተቀማጭ 10 ቢሊዮን ይጻፋል። ቀጥሎ መንግሥት ደመወዝና የሥራ ተቋራጭ ክፍያ ይፈጽማል፤ የመንግሥት ተቀማጭ ይጠፋና የንግድ ባንኮች በብሔራዊ ባንክ ያላቸው መጠባበቂያ በ10 ቢሊዮን፣ የሠራተኛውና የተቋራጩ ተቀማጭም በ10 ቢሊዮን ይጨምራል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ባንኮች በማበደር ገንዘቡን ገና ማባዛት ሳይጀምሩ የገንዘብ መሠረቱም (ጥሬ ገንዘቡና የባንኮች መጠባበቂያ) ሰፊው የገንዘብ አቅርቦትም (የሕዝቡ ተቀማጭ የሚጨመርበት) አድጓል። ያንኑ ጉድለት መንግሥት ለቆጣቢዎች ቦንድ ሸጦ ቢሸፍነው ወረቀቶቹ ምን እንደሚመስሉ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲጽፉ አድርጉ፤ ቀጥታ ብድርን መገደብ ለምን የዋጋ ንረት መከላከያ ተደርጎ እንደሚታይ ከመምህሩ ቃል ሳይሆን ከራሳቸው እጅ ጽሑፍ ይረዱታል።

ሦስተኛው መልመጃ ለኢትዮጵያ ተማሪ ከሁሉም ይበልጥ የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2011 እስከ ኖቬምበር 2019 የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚያህለውን ገንዘብ በብሔራዊ ባንክ ሰነድ ላይ እንዲያውሉ ይገደዱ ነበር። ሰነዱ የሚከፍለው ወለድ በአብዛኛው ዘመኑ 3 በመቶ ሲሆን፣ ባንኮቹ ለቆጣቢ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ በአብዛኛው ዘመኑ 5 በመቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ 7 በመቶ ነበር። ተማሪዎቹ የ100 ብር ብድርና የ27 ብር ሰነድ ይጻፉ፤ በሰነዱ ላይ የሚደርሰውን ኪሳራ ያስሉ፤ ከዚያም ባንኩ ኪሳራውን ከየት እንደሚያካክስ ይጠየቁ። በተበዳሪው ወለድ ላይ እንደሚጭነው ሲደርሱበት፣ በበጀት ሰነድ ላይ የማይታይ ነገር ግን ግብር የሚመስል የመንግሥት ፖሊሲ እንዳለ ያያሉ። የገንዘብ ፖሊሲና የፊስካል ፖሊሲ (የመንግሥት ግብርና ወጪ) በሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ተጽፈው ስላገኛቸው የተለያዩ ዓለማት የሚመስሉት ተማሪ ይህን መልመጃ ከሠራ በኋላ አይሳሳትም።

አራተኛው የምንዛሪ መዝገብ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 በ6.625 በመቶ ወለድ የሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ፣ ማለትም ለውጭ ባለሀብቶች የተሸጠና በዶላር የሚከፈል የዕዳ ሰነድ፣ አለ። ዶላር በ57 ብር ሲሰላ ዋናው ዕዳ 57 ቢሊዮን ብር፣ በ120 ብር ሲሰላ 120 ቢሊዮን ብር ነው፤ በዶላር ግን አንድ ሳንቲም አልተጨመረበትም። ይህን በመንግሥት ወረቀት ላይ ያስጽፉና ወደ ሌሎቹ ይሻገሩ፦ ቡና ላኪው፣ ዕዳው በዶላር ገቢው በብር የሆነ የልማት ድርጅት፣ መድኃኒት አስመጪው፣ ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን 200 ዶላር የሚላክላት እናት። በባንክ በኩል የእናትየው 200 ዶላር ከ11,400 ብር ወደ 24,000 ብር ያድጋል፤ ይሁንና አስቀድሞ በትይዩ ገበያ በኩል ሲላክላት ከነበረ ጭማሪው ከዚህ እጅግ ያነሰ እንደሚሆን ተማሪዎች ወዲያው ያነሡታል። ይህን ሳትነግሯቸው ቢያነሡት ትምህርቱ ሠርቷል ማለት ነው።

ሞዴሉን ከተሰበረበት ቦታ ጋር

መዝገቡ ከተለመደ በኋላ ግራፎቹ ይምጡ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሞዴል «ይህ እውነት እንዲሆን ምን መሟላት አለበት?» ከሚል ጥያቄ ጋር ይምጣ። የገንዘብ ማባዣውን ብንወስድ፣ ማዕከላዊ ባንኩ የገንዘብ መሠረቱን ሲጨምር የገንዘብ አቅርቦቱ በተወሰነ ብዜት ያድጋል ይላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2008 መጸው ጀምሮ የገንዘብ መሠረቱ በጥቂት ወራት ውስጥ በእጥፍ ገደማ አድጓል፤ ይሁንና በቀጣዩ ዓመት አማካይ የሸማቾች ዋጋ እንዲያውም በጥቂቱ ቀነሰ። ባንኮች የተፈራና የተጎዳ መዝገብ ይዘው መጠባበቂያውን አቀፉት፤ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2008 ጀምሮ ለመጠባበቂያ ወለድ ይከፍል ጀመር። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ደግሞ የግዴታ መጠባበቂያ ምጣኔውን ዜሮ አደረገው፤ በቀመሩ መሠረት ቢሆን ማባዣው ማለቂያ የሌለው መሆን ነበረበት። ተማሪው ይህን ካየ በኋላ ማባዣው ሕግ ሳይሆን በተወሰነ ባሕርይ ላይ የቆመ ስሌት መሆኑን ይይዛል።

የገንዘብ መጠን የወለድ ተመንን እንዴት እንደሚወስን በሚያሳየው በኤል ኤም ኩርባ ላይ ግን ለእኛ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በውጭ አገር ያሉ አዳዲስ ማስተማሪያዎች ማዕከላዊ ባንክ የገንዘብ መጠንን ሳይሆን የወለድ ተመንን እንደሚወስን በመግለጽ ኩርባውን ትተውታል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ግን ለረጅም ዓመታት የሚመራው በገንዘብ መጠን ነበር፤ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ተመን ያወጀው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሁለቱንም ማወቅ አለባቸው፦ ያለፈውን ዘመን ለማንበብ የቀድሞውን፣ የአሁኑን መግለጫ ለማንበብ አዲሱን። አንዱን ሥርዓት ወደ ሌላው የማሸጋገር ሥራ በዓይናቸው ፊት እየተከናወነ መሆኑ ለመምህር እምብዛም የማይገኝ ዕድል ነው። የፖሊሲ ወለዱ ወደ ባንኮች ብድር የሚተላለፈው የባንኮች የእርስ በእርስ ገበያ ሲኖር፣ ባንኮቹም ለተመኑ ምላሽ የሚሰጡ ሲሆን ብቻ እንደሆነ፣ የብድር ጣሪያ ባለበት ጊዜ ደግሞ ወለዱና ጣሪያው ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስር መጠየቅ እንዳለባቸው አስጨብጧቸው።

ስለ ወጪ ማባዣ፣ ማለትም የመንግሥት ወጪ በአንድ ብር ሲለወጥ ምርት በስንት እንደሚለወጥ፣ ስታስተምሩ ግሪክን አቅርቡ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው የቁጠባ መርሐ ግብር የመንግሥት ወጪ መቀነስ ምርትን በመጠኑ ብቻ እንደሚጎዳ ታሳቢ ያደረገ ነበር፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅት የራሱ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ግምገማ በበርካታ አገሮች ትንበያዎች ውስጥ 0.5 ገደማ የተባለው ማባዣ በተጨባጭ ከ0.9 እስከ 1.7 እንደነበር አመለከቱ። የግሪክ ሥራ አጥነት እ.ኤ.አ. በ2013 ከ27 በመቶ በላይ ደረሰ። ይህን በቃል ከማውራት ይልቅ በቁጥር አሠሩት። የአንድ አገር ምርት 100፣ ዕዳው 130፣ ከእያንዳንዱ የምርት ብር 40 ሳንቲም ወደ ግብር የሚገባ ይሁን። መንግሥት ወጪውን በ5 ይቀንሳል። ማባዣው 0.5 ከሆነ ምርት ወደ 97.5 ይወርዳል፤ ግብር በ1 ይቀንሳል፤ ዕዳው ወደ 126 ይመጣል፤ የዕዳው ምጣኔም ከ130 ወደ 129 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። ማባዣው 1.5 ከሆነ ግን ምርት ወደ 92.5፣ የታጣው ግብር ወደ 3፣ ዕዳው ወደ 128 ይሆናል፤ ምጣኔው 138 በመቶ ያልፋል። ወጪ ተቀንሶ የዕዳ ጫና ከፍ አለ። ተማሪዎች ውጤቱን ሲያገኙ ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ ይላል። ከዚያ «ማባዣው መቼ ትልቅ፣ መቼ ትንሽ ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ ማንሣት ይቻላል፤ የምንዛሪ ተመን፣ የወለድ ሁኔታ፣ ከውጭ የሚገባ ምርት ድርሻ ሁሉ በዚህ በር ይገባሉ።

የወለድ ተመን ከዜሮ በታች ብዙ መውረድ ስለማይችልበት ገደብ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ለአሜሪካና ለጃፓን ዋና ጉዳይ ነበር፤ የዋጋ ንረቱ ለዓመታት ሁለት አኃዝ በነበረበት አገር ለሚኖር ተማሪ ግን የአንድ ክፍለ ጊዜ ሩብ ይበቃዋል።

የታሪኩን መጨረሻ ደብቁ

የቀውስ ታሪክን ከመጨረሻው ጀምሮ ማስተማር ተማሪውን ብልህ የሆነ ያህል እንዲሰማው ያደርገዋል፤ ሁሉም ስሕተት ግልጽ መስሎ ይታየዋል። የፖሊሲ ውሳኔ ግን የሚወሰነው መጨረሻው ሳይታወቅ ነው። ስለዚህ የቀውሱን ፋይል በቁራጭ በቁራጭ ስጡ፤ አንድ ቀን ላይ አቁሙና «የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ እናንተ ናችሁ፤ ዛሬ ምን ትወስናላችሁ?» በሉ።

ለዚህ ሥራ ሲሪላንካን የሚያህል አላገኘሁም። ከኢትዮጵያ ጋር የምትጋራው የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የዩሮ ቦንድ ዕዳ አላት፤ ይሁንና ሩቅ ስለሆነች ተማሪዎች ያለ ፍርሃትና ያለ ወገንተኝነት ይነጋገሩባታል። የመጀመሪያው ቁራጭ እ.ኤ.አ. እስከ 2021 ማብቂያ ያለውን ብቻ ይያዝ፦ በ2019 መጨረሻ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ15 ወደ 8 በመቶ ወረደ፤ በወረርሽኙ የቱሪዝም ገቢ ደረቀ፤ በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ ማስገባት ተከልክሎ በዓመቱ መጨረሻ ተነሣ፤ ሩፒው በዶላር 200 ገደማ ተይዟል፤ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቢሆንም ከፊሉ ከቻይና ማዕከላዊ ባንክ ጋር በተደረገ የገንዘብ ልውውጥ ስምምነት የተገኘ በመሆኑ እንደ ልብ የሚመነዘር አይደለም። ከዚያም ጥያቄው ይቅረብ፤ በጃንዋሪ 2022 የ500 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ የመክፈያ ቀን ይደርሳል። ትከፍላላችሁ ወይስ ገንዘቡን ለነዳጅና ለመድኃኒት ታቆያላችሁ?

ቡድኖቹ ግማሽ ሰዓት ይመካከሩና ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ በአንድ ገጽ ጽፈው ያስረክቡ፤ ከማስረከባቸው በፊት ቀጣዩን ቁራጭ አትስጧቸው። ብዙዎቹ ስምን ላለማጉደፍ ይክፈል ይላሉ። ሲሪላንካም ከፈለች። ሁለተኛው ቁራጭ ሲከፈት ሩፒው በማርች ተለቅቆ በፍጥነት ሲወርድ፣ በኤፕሪል መጀመሪያ የማዕከላዊ ባንኩ ወለድ በአንድ ጊዜ በ7 መቶኛ ነጥብ ሲጨምር፣ ኤፕሪል 12 ደግሞ አገሪቱ የውጭ ዕዳ ክፍያ ማቆሟን ስታስታውቅ ያያሉ። ሦስተኛው ቁራጭ የነዳጅ ሰልፉን፣ በጁላይ የፕሬዚዳንቱን ከአገር መውጣት፣ በሴፕቴምበር 70 በመቶ ገደማ የደረሰውን የዋጋ ንረትና በማርች 2023 የጸደቀውን የ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድር ይያዝ።

ከዚህ በኋላ ወደ አገር ቤት መመለስ ይቀላል። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የወለድ ክፍያ ሳትፈጽም ቀረች፤ መንግሥት የሰጠው ምክንያት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ማየት የሚል ነበር። ከ500 ሚሊዮኑ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ገንዘብ ነው። አንደኛዋ አገር እስከ መጨረሻው ከፍላ፣ ሌላዋ በትንሹ ቆማ፣ ሁለቱም ወደ ዕዳ ድርድር ደረሱ። ለምን? በሁለቱ መካከል ያለው የአበዳሪ ዓይነት፣ የጊዜና የክምችት ልዩነት ምን ነበር? ይህን የንጽጽር ጽሑፍ አሳይመንት አድርጌ ስሰጥ ከማገኘው ሥራ ውስጥ ምርጡ የሚመጣው፣ ከዚህ ቀደም የመጀመሪያውን ቁራጭ ይዘው ተሳስተው ከወሰኑት ተማሪዎች ነው።

ጉዳዮችን አታብዙ። ሦስት በቂ ናቸው፦ ቆጣቢዎች ገንዘባቸውን ለማውጣት ወደ ባንክ የሚሻሙበትን የሚያሳይ አንድ፣ የራሱ ገንዘብ የሌለው አገር አንድ፣ የውጭ ምንዛሪ ያለቀበት አገር አንድ።

የሚሳሳቱባቸው ስሌቶች

ተማሪዎች በሐሳብ ከሚሳሳቱት ይልቅ በመቶኛ ስሌት የሚሳሳቱት ይበዛል፤ ጋዜጠኞቻችንም እንዲሁ። ዶላር ከ57.50 ወደ 120 ብር ሲደርስ የዶላር ዋጋ በ109 በመቶ ጨመረ፤ የብር ዋጋ ግን የወደቀው በ52 በመቶ ነው። «ብር ከ100 በመቶ በላይ ወደቀ» የሚል ዓረፍተ ነገር ትርጉም የለውም፤ ምክንያቱም 100 በመቶ የወደቀ ገንዘብ ዋጋው ዜሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲሻገር ሁለቱ መቶኛዎች ምን ያህል እንደሚለያዩ በቤት ሥራ አሠሯቸው።

ሁለተኛው እውነተኛ ወለድ ነው። የ7 በመቶ ወለድ የሚከፈለው ቆጣቢ 100,000 ብር አስቀመጠ እንበል፤ የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ ነው። ተማሪው ከ7 ላይ 30 ቀንሶ 23 በመቶ ኪሳራ ይላል። መቀነሱ ለትናንሽ ቁጥሮች የሚያገለግል ግምት መሆኑን አስታውሱት፤ በዓመቱ መጨረሻ ያለው 107,000 ብር በ1.3 ሲካፈል የመግዛት አቅሙ 82,300 ብር ገደማ ስለሆነ ኪሳራው 18 በመቶ ገደማ ነው። የማስተማሪያ ሞጁሎቹ የተጻፉት የዋጋ ንረት 2 ወይም 3 በመቶ ለሆነባቸው አገሮች በመሆኑ ይህን ልዩነት ሳያነሡት ያልፋሉ፤ እኛ ግን ልናልፈው አንችልም።

ሦስተኛው የዕዳ ምጣኔ ነው። እውነተኛ ወለዱ ከምርት ዕድገቱ በምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ በዕዳው ምጣኔ ብታባዙት ከወለድ በፊት ያለው በጀት የሚያስፈልገውን ትርፍ ይነግራችኋል። 60 በመቶ ዕዳ፣ 6 በመቶ እውነተኛ ወለድ፣ 3 በመቶ ዕድገት ያለው አገር ዕዳው ባለበት እንዲቆም ከምርቱ 1.8 በመቶ ገደማ ትርፍ ያስፈልገዋል። ከዚያ ወለዱን ከዋጋ ንረት በታች አድርጉና እንደገና አስሉ፤ ዕዳው ያለ ትርፍም ሲቀልጥ ተማሪው ያያል። ያ የቀለጠው ዕዳ የማን ሀብት እንደነበር ጠይቁ። ከላይ ያለው የ100,000 ብር ቆጣቢ ወደ አእምሯቸው መምጣት አለበት።

ተማሪው ከቤቱ ይዞ የሚመጣው

የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ፣ የነጋዴ ልጅ፣ የገበሬ ልጅና ወንድሙ ከዱባይ የሚረዳው ተማሪ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ አንድ ፖሊሲ አራት የተለያየ እውነት አላቸው። ይህን ማፈን ትምህርቱን ይገድላል፤ ያለ ማጣሪያ መቀበል ደግሞ ክፍሉን የብሶት መድረክ ያደርገዋል። እኔ የምጠቀመው መልመጃ የቤተሰብ ቅርጫት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ቤተሰቡ በወር የሚያወጣውን በምግብ፣ በቤት ኪራይ፣ በትራንስፖርት፣ በልብስና በሌላ ከፍሎ ድርሻውን ያስቀምጣል፤ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣውን የዋጋ ለውጥ በየምድቡ በራሱ ድርሻ ያባዛና ደምሮ የራሱን ቤት የዋጋ ንረት ያገኛል። በአገሪቱ ቅርጫት ምግብ ከግማሽ በላይ ድርሻ አለው፤ ኪራይ የሚከፍል የከተማ ቤተሰብና እህሉን ከማሳው የሚያገኝ ቤተሰብ የሚያገኙት ቁጥር በሰፊው ይለያያል። የቤተሰብን ገቢ በክፍል ፊት ማስነበብ ግን ተገቢ አይደለም፤ ድርሻውን እንጂ የብር መጠኑን አትጠይቁ፤ ወረቀቱም ያለ ስም ይሰብሰብ።

ይህ መልመጃ «ዶላር በእጥፍ ጨምሮ ኦፊሴላዊው የዋጋ ንረት ለምን በእጥፍ አልጨመረም?» ለሚለው ከባድ ጥያቄ መግቢያ ይሆናል። ከመልሱ አንዱ ክፍል፣ ከለውጡ በፊት በትይዩ ገበያ ዶላር ከ100 ብር በላይ ይሸጥ ስለነበር የብዙ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ አስቀድሞ በዚያ ተመን መተመኑ ነው። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒትን የመሰሉ በመደበኛው ተመን ይገቡ የነበሩ ዕቃዎች ግን የተለየ መንገድ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ «ማነው አስቀድሞ የከፈለው፣ ማነው አሁን የሚከፍለው?» ብሎ ዕቃ በዕቃ መለየት ያስፈልጋል።

ፖለቲካ ሲነሣ፣ መነሣቱም አይቀርም፣ ሦስት ጥያቄዎችን በሰሌዳው ሦስት ዓምድ ለዩ፦ ምን ሆነ? ለምን ሆነ? ምን ይደረግ? አንድ ተማሪ የተናገረውን ሁሉ በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ራሱ እንዲወስን ጠይቁት። አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ያለ ሐሳብ የመጀመሪያው መስሎ ሲነገር ነው። ከዚያም የምንዛሪ ለውጡን የሚደግፈው ተማሪ የተቃዋሚውን ክርክር፣ የሚቃወመውም የደጋፊውን ክርክር፣ ባለቤቱ «አዎ፣ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው» እስኪል ድረስ አሳምሮ ይጻፍ። መምህሩ የራሱን አቋም መደበቅ ያለበት አይመስለኝም፤ ነገር ግን ተማሪዎቹ ጽሑፋቸውን ከማስረከባቸው በፊት መናገር የለበትም።

ፈተናውን በተመለከተ

የመውጫ ፈተናው ምርጫ ጥያቄ በመሆኑ ባልደረቦች «ይህ ሁሉ ለፈተናው ምን ያደርጋል?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ከሚድ ፈተናው ግማሹን የተለመደ የምርጫ ጥያቄ፣ ግማሹን ደግሞ መዝገብ የሚያሠራ ጥያቄ አደርገዋለሁ፤ መዝገቡን በትክክል የሚጽፍ ተማሪ የኩርባውን አቅጣጫ በሽምደዳ ሳይሆን በማሰብ ስለሚያገኘው የምርጫው ክፍልም ይቀለዋል። ለፋይናል ከሰጠኋቸው ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ብሔራዊ ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር ለንግድ ባንኮች ሸጠ። የብሔራዊ ባንክን፣ የንግድ ባንኮችንና የአስመጪውን መዝገብ አሳይ። በዚያው ሳምንት መንግሥት በቀጥታ ብድር ደመወዝ ቢከፍል የመጀመሪያው እርምጃ በገንዘብ መሠረቱ ላይ ያመጣው ለውጥ ምን ይሆናል?» ጥያቄው አንድም የኩርባ ስም የለበትም፤ ነገር ግን የኮርሱን ሁለት ሦስተኛ ይፈትሻል። ሲታረም ከመጨረሻው ቁጥር ይልቅ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ መዝገቡ እኩል ሆኖ ቁጥሩ የተሳሳተ ተማሪ ከፊል ነጥብ ይገባዋል፤ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ መዝገቡ እኩል ያልሆነው ግን ከጎኑ የገለበጠ ሊሆን ስለሚችል አስጠርታችሁ በቃል ጠይቁት።

አንድ የዝግጅት ሥራ ይቀራል። የብሔራዊ ባንክን የሩብ ዓመት ሪፖርቶች፣ የገንዘብ ሚኒስቴርን የዕዳ መግለጫዎችና የዋጋ ንረት ሰንጠረዦችን በወጡ ቁጥር አውርዳችሁ በፍላሽ አስቀምጡ፤ ኢንተርኔቱ የሚቋረጠው ወይም ድረ ገጹ የማይከፈተው ብዙ ጊዜ ክፍለ ጊዜው ሊጀመር ሲል ነው። የእያንዳንዱን ሴሚስተር ፋይል ለብቻው አኑሩት፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ተማሪዎች የዘንድሮውን ውሳኔ መጨረሻውን ሳያውቁ የሚወስኑበት ቁራጭ ከዚያ ይወጣል።